ታፔላው ሲቀየር ምን ይቀየራል?

መብራት ጠፍቶበት ስልክ ያነሳ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም "መብራት ኃይል ደውዬ ነበር" ይላል። በዚህ ስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት ግን ከሌለ ቆይቷል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ኋላ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለና ኃይል አመንጪው "የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል"፣ ለየቤታችን የሚያከፋፍለው "የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት" ተባሉ። ኢትዮ ቴሌኮምም በዚህ ስም የቆመው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሰዉ ግን ከ"ቴሌ" ንቅንቅ አላለም። ሼል የነበሩት ማደያዎች ኦይል ሊቢያ፣ ቀጥሎም ኦላ ኢነርጂ ሲባሉ ቀለማቸው ሳይቀር ተለውጧል፤ ታክሲ ውስጥ "ሼል ጋ ወራጅ አለ" የሚለው ድምፅ ግን አልጠፋም።

ስም በሰው አፍ የሚኖረው ኑሮና በመዝገብ ላይ የሚኖረው ኑሮ ለየቅል ነው። የመጀመሪያውን ማንም አያዝዘውም። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው፦ አንድ ነጋዴ ወይም ኩባንያ ስሙን በሕግ ፊት ሲቀይር ምን እንደሚቀየር፣ ምን እንደማይቀየር፣ ስንት በርም ማንኳኳት እንዳለበት። ብዙ ሰው የስም ለውጥ ሲያስብ መጀመሪያ የሚሄደው ታፔላ ሠሪ ዘንድ ነው። ታፔላው ግን የመጨረሻው ሥራ ነው።

የትኛው ስም?

"የድርጅቴን ስም መቀየር እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ፣ ነገሩን የሚያውቅ ጠበቃ በቅድሚያ የሚጠይቀው "የትኛውን ስም?" ብሎ ነው። አንድ ንግድ እስከ አራት ስም ሊኖረው ይችላልና።

ምሳሌ እንያዝ። አንዲት ሴት ዳቦ ቤት አላት እንበል፤ ዳቦ ቤቱም "ንጋት" ይባላል። ንግድ ፈቃዷ ላይ የሰፈረው የራሷ ስም ነው፣ ከነአባትና ከነአያት። የንግድ ስም በሚለው ቦታ ደግሞ "ንጋት ዳቦ ቤት" ተጽፏል። በሕግ ፊት ነጋዴዋ እሷ ናት። ቤቱን የተከራየችው፣ ዱቄት በዱቤ የወሰደችው፣ ግብር የምትከፍለው እሷ እንጂ "ንጋት" አይደለም። "ንጋት" እሷ ገበያ ስትወጣ የምትለብሰው ልብስ ነው ብንል ያስኬዳል። ነገ "ንጋት"ን ትታ "ማለዳ" ብትለው ልብሱ ተቀየረ እንጂ ሴትየዋ ያችው ናት።

ንግዷ አደገና ከወንድሟ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመች እንበል። አሁን አዲስ ሰው ተወለደ። ሕጉ "የሕግ ሰውነት ያለው" ይለዋል፤ የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ የራሱ ዕዳ ያለው፣ መክሰስም መከሰስም የሚችል ነው። የዚህ ሰው ስም "የድርጅት ስም" ይባላል። የሚቀመጠው በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ነው፣ "ኃ.የተ.የግ.ማ." የሚለውን ጅራት አስከትሎ። አክሲዮን ማኅበር ከሆነም "አክሲዮን ማኅበር" መባሉ በስሙ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከእሱ ጋር የሚዋዋል ሰው ከማን ጋር እንደሚዋዋል፣ የባለቤቶቹ ኃላፊነትም እስከምን እንደሆነ ከስሙ እንዲያውቅ ነው። ማኅበሩ ከድርጅት ስሙ ሌላ በገበያ የሚታወቅበት የንግድ ስም ሊኖረው ይችላል። በመጨረሻ ደግሞ ፌስታሉ ላይ ከምትወጣ ፀሐይ ሥዕል ጋር የታተመው "ንጋት" አለ። እሱ የንግድ ምልክት ነው፤ መዝጋቢውም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

እንግዲህ የሰው ስም፣ የንግድ ስም፣ የድርጅት ስም፣ የንግድ ምልክት። አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይርም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፌስቡክ የተባለው ኩባንያ ሜታ ፕላትፎርምስ ሲባል ስልካችን ላይ ያለው መተግበሪያ ፌስቡክ እንደተባለ ቀረ። የተቀየረው የድርጅት ስሙ ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ግልባጩ ይበዛል፤ ታፔላው፣ ፌስታሉና የቴሌግራም ገጹ አዲስ ስም ይዘው መመሥረቻ ጽሑፉ በድሮው ስም ካቢኔት ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ችግሩ የሚታየው ባንክ ብድር ሲጠየቅ ወይም ጨረታ ሲገባ ነው።

አንድ ነገር ብለን እንለፍ። በግሏ ስትነግድ የቆየችው ባለ ዳቦ ቤት ማኅበር ስታቋቁም "ስሜን ወደ ኃ.የተ.የግ.ማ. ቀየርኩ" ብትል አነጋገሯ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የቃል ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ሌላ ሰው ስለሆነ የኪራይ ውሉ፣ ፈቃዱ፣ ዕቃዎቹ በራሳቸው ወደ እሱ አይሄዱም። እያንዳንዱ በሥርዓቱ መተላለፍ ወይም በማኅበሩ ስም እንደ አዲስ መውጣት አለበት። የስም ለውጥ ከዚህ በጣም የቀለለ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ግን ብዙ ሰው ያስከፍላል።

ያው ሰው ወይስ ሌላ ሰው?

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ስሙ አንድ ሆኖ ሰውየው ሌላ ሊሆን ይችላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ቀርቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1988 ዓ.ም. የግል ባለአክሲዮኖች አዲስ ባንክ ሲያቋቁሙ ያንን የድሮ ስም አነሡት። ስሙ ታሪክ ያስታውሳል፤ በሕግ ግን የዛሬው አቢሲኒያ ባንክ የያኔው ወራሽ አይደለም። የቅድመ አያቱን የ1900 ዓ.ም. የተቀማጭ ደረሰኝ ከሣጥን አውጥቶ ዛሬ መስኮት ላይ የሚቀርብ ሰው ቢኖር ፈገግታ እንጂ ብር አያገኝም።

ስሙ ሌላ ሆኖ ሰውየው አንድ ሊሆንም ይችላል። ደቡብ ግሎባል ባንክ ስሙን ግሎባል ባንክ ኢትዮጵያ ብሎ ሲቀይር የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ፣ የደንበኞቹ ተቀማጭ፣ የተበዳሪዎቹ ዕዳ እንዳለ ቀጠለ። ተበዳሪ "እኔ የተዋዋልኩት ከደቡብ ግሎባል ጋር ነው" ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ ባንኩም አስቀማጭን "በድሮ ስማችን ነው ያስቀመጥከው" ሊለው አይችልም። እውነተኛ የስም ለውጥ ይህን ይመስላል።

በመሐል ደግሞ ሕዝብ "ስም ቀየረ" የሚለው፣ ሕግ ግን ሌላ ነገር የሚለው አለ። ኢትዮ ቴሌኮም የቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አዲስ መጠሪያ ይመስለናል፤ በወረቀቱ ግን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 197/2003 የተቋቋመ አዲስ ድርጅት ነው። አብቁተ ፀደይ ባንክ ሲሆን ደግሞ ከስሙ ጋር የፈቃዱ ዓይነት ተቀይሯል፤ ማይክሮ ፋይናንስ የነበረው ባንክ ሆኗል። ስለዚህ "እገሌ ስሙን ቀየረ" የሚል ዜና ስትሰሙ ሰውየው ያው ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከእሱ ጋር ውል ካላችሁ፣ አክሲዮን ከገዛችሁ ወይም ተቀጣሪው ከሆናችሁ መልሱ በቀጥታ ይመለከታችኋል።

ሠራተኛን ካነሣን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ቢቀላቀል፣ ቢከፈል ወይም ባለቤትነቱ ለሌላ ቢተላለፍ እንኳ የሥራ ውል በዚህ ምክንያት አይቋረጥም ይላል። ባለቤት ሲቀየር የማይቋረጥ ውል ስም ሲቀየር ሊቋረጥ አይችልም። "በአዲሱ ስም እንደ አዲስ ትቀጠራላችሁ፣ ያለፈው አገልግሎት አይቆጠርም" የሚል አሠሪ ካጋጠማችሁ የስም ለውጥን ሰበብ እያደረገ ነው።

አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። "ስም ማዞር" እና "ስም መቀየር" በጆሮ ይቀራረባሉ። ስም ማዞር ማለት ግን መኪናውን ወይም ቤቱን ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ማስተላለፍ ነው፤ ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ በዝውውሩ ላይ የሚከፈል ክፍያ አለ። ኩባንያ ስሙን ሲቀይር ሻጭም ገዢም የለም፤ ሊብሬው ላይ የሚሰፍረው ያው ባለቤት በአዲስ መጠሪያው ነው። መስኮት ላይ ስትደርሱ "ስም ላዞር ነው" ካላችሁ ባለሙያው የሽያጭ ውል ቢጠይቃችሁ አትፍረዱበት። የምትሉት "የባለንብረቱ ስም በማሻሻያ ተቀይሯል፣ ማስረጃው ይኸው" ነው። በአንድ ቃል ምክንያት ሳምንት ሙሉ የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።

ስሙ ይገኛል ወይ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የንግድ ስምን ግን መልአክ ቢያወጣውም ንግድ ቢሮ ካላጸደቀው አይሠራም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 የስም ነገር ከሚመራባቸው ሕጎች ዋናዎቹ ናቸው። መሠረታዊው መለኪያ ቀላል ነው፤ አዲሱ ስም አስቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ ዓይነት ወይም ሕዝብን እስኪያሳስት ድረስ ተመሳሳይ መሆን የለበትም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከሃይማኖት ተቋም ጋር የተያያዘ የሚያስመስል ስም፣ የታዋቂ ሰው ስም ያለ ፈቃዱ፣ ከመልካም ሥነ ምግባር ጋር የሚጋጭ ስምም አይመዘገብም። "ባንክ" የሚለው ቃል ደግሞ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ለሌለው የተዘጋ ነው፤ ልብስ ቤታችሁን "የጂንስ ባንክ" ለማለት ያሰባችሁ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

በተግባር የሚያስቸግረው መመሳሰሉ ነው። የእኛ ነጋዴ የሚወድዳቸው ስሞች ጥቂት ናቸው፦ ሰላም፣ ብርሃን፣ አባይ፣ ሸገር፣ ሐበሻ፣ ንጋት። ከእነዚህ አንዱን ብቻውን ለማስመዝገብ የሚሄድ ሰው ተይዟል መባሉ አይቀርም። ያኔ ብዙዎች ቃል መቀጠል ይጀምራሉ፤ "ንጋት ብርሃን"፣ "አዲስ ንጋት"፣ "ንጋት እና ቤተሰቡ"። አንዳንዱ ያልፋል። ግን ማለፉ ብቻ አይበቃም። ጎረቤት ክፍለ ከተማ ካለው "ንጋት" ጋር ደንበኛ የሚያምታታው ከሆነ ነገ ክስ ሊመጣ ይችላል፤ ክስ ባይመጣም የእናንተን ማስታወቂያ አይቶ የሌላውን በር የሚያንኳኳ ሰው ይበዛል። ስም ለመቀየር ይህን ሁሉ ድካም የሚደክም ሰው ከሌላው በግልጽ የሚለይ ስም ቢመርጥ ይሻለዋል። እኔ የምመክረው ወይ የቦታ ስም ወይ ብዙ ያልተነካ የግዕዝ ወይም የአካባቢ ቋንቋ ቃል ነው።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ"፣ "ጸሃይ" ለዓይን ሦስት ናቸው፣ ለጆሮ አንድ። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እየለዋወጡ "የተለየ ስም ነው" ማለት አያዋጣም። ከሁሉ በላይ ግን ጉዳቱ በራሳችሁ ሰነዶች መካከል ነው። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በአንዱ ፊደል፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ በሌላው፣ ባንክ ቤት በሦስተኛው የተጻፈ ስም ውሎ አድሮ "እነዚህ አንድ ናቸው?" የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። "ፀሐይ"ን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። አስመጪና ላኪ የሆነ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ኤል ሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት የላኪው ወይም የአስመጪው ስም በሰነዶቹ መካከል በአንድ ፊደል ከተለያየ ባንክ "ልዩነት አለ" ብሎ ክፍያ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ስሙን በመረጣችሁበት ቀን በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም መንገድ ቁረጡ፣ ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ ለጸሐፊያችሁም፣ ለትራንዚተራችሁም፣ ለባንካችሁም ያንኑ አንዱን ስጡ።

የስም ፍለጋው ዛሬ ኢትሬድ በተባለው የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን ሥርዓት ይሠራል። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት አራት አማራጭ ይኑራችሁ፤ አንድ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሲከለከል ተበሳጭቶ እዚያው ያገኘውን ያስመዘግባል።

ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ውልና ማስረጃ

ግለሰብ ነጋዴ የንግድ ስሙን ለመቀየር ማመልከቻ፣ ነባሩን ፈቃድና ምዝገባ፣ የታደሰ መታወቂያ ይዞ ይቀርባል፤ ብዙም አይከብድም። ኩባንያ ሲሆን ግን ስሙ ያለው በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ነው። ያንን ጽሑፍ የሚያሻሽሉት ደግሞ አባላቱ እንጂ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን አይደለም። የ1952ቱን የንግድ ሕግ የማኅበራት ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የራሳችሁን መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ አውጥታችሁ አንብቡ። ብዙ ሰው ከፈረመበት ቀን ወዲህ ገልጦት አያውቅም። ለማሻሻያ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚጠራ እዚያ አለ። በአክሲዮን ማኅበር ይህ የሚወሰነው በድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ የሚጠይቀው ድምፅም ለመደበኛው ጉባኤ ከሚበቃው ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ስሙ ነጻ መሆኑን አረጋግጡና አስይዙ፣ ከዚያ ጉባኤ ጥሩ። ሁለት መቶ ባለአክሲዮን አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ ምሳ አብልታችሁ፣ አጨብጭባችሁ ያጸደቃችሁት ስም በማግሥቱ "ተይዟል" ቢባል ጉባኤው እንደገና ሊጠራ ነው።

ቃለ ጉባኤው የድሮውን ስም፣ አዲሱን ስም፣ የሚሻሻለውን አንቀጽ፣ የተገኙትንና ድምፃቸውን በግልጽ ይያዝ። ከዚያ ሰነዱ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳል፤ ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀያየርም ሰዉ "ውልና ማስረጃ" የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ላይ ነገር የሚያደናቅፈው ውክልና ነው። አባል የሆነው ወንድም ዋሽንግተን፣ እኅት ዱባይ ትኖራለች፤ ወካዩ የሰጠው ውክልና "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" ይላል እንጂ "መመሥረቻ ጽሑፍ እንዲያሻሽል፣ በጉባኤ ተገኝቶ ድምፅ እንዲሰጥ" አይልም። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሠራ ውክልና እዚህ መጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ጉድለቱ ዘግይቶ ሲታወቅ ወራት ይበላል። ውክልናው ሲጻፍ ሥልጣኑ በስም ተጠቅሶ ይጻፍ።

የተረጋገጠው ማሻሻያ ወደ ንግድ ቢሮው ወይም ወደ መዘገባችሁ ክፍል ይሄዳል፤ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን የመዘገባችሁ ከሆናችሁ ወደዚያ። አዲሱ የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የንግድ ፈቃድ በእጃችሁ ሲገባ በሕግ ፊት ስሙ ተቀየረ። ከሐምሌ ጀምሮ ባለው የፈቃድ እድሳት ግርግር መሐል ይህን ባትጀምሩት ይመከራል፤ ሰልፉን የምታውቁት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዙር

አዲሱ ወረቀት ሲወጣ ብዙዎች ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ገና መጀመሩ ነው። መንግሥት አንድ አካል ቢመስልም አንዱ ቢሮ ያወቀውን ሌላው በራሱ አያውቅም።

ገቢዎች ይቅደም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ ስሙን፣ አድራሻውን ወይም ዋና ሥራውን ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። መለያ ቁጥራችሁ፣ ቲን የምንለው፣ ያው ይቀጥላል፤ ያው ሰው ናችሁና። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የቫት ምስክር ወረቀቱ ይስተካከላል። ካሽ ሬጅስተሩ የሚያወጣው ደረሰኝ አናት ላይ የድሮ ስም እየታተመ መቀጠል የለበትም፤ ማሽኑን ግን ራሳችሁ አትነካኩት፣ ገቢዎች እያወቀ አቅራቢው ድርጅት ነው የሚያስተካክለው። የታተመ የእጅ ደረሰኝ ካላችሁ የቀረውን ጥራዝ ቁጥሩን መዝግባችሁ ምን ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። ገዢ ደንበኛ በተሳሳተ ስም የወጣ ደረሰኝ ወጪ ሆኖ እንዳይያዝለት ስለሚፈራ ይህ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ራስ ምታት ነው።

ባንክ ቀጥሎ ይመጣል። ቃለ ጉባኤ፣ አዲስ ምዝገባ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ የፊርማ ናሙና ይጠይቃል። ቀን ተጽፎባቸው በሰው እጅ ያሉ ቼኮች ካሉ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የድሮ ስም የያዘ ቼክ ተመልሶ ነገር ከሚሆን። ብድር ካለባችሁ የብድር ውሉ ስም ከመቀየሩ በፊት እንዲነገረው የሚያስገድድ አንቀጽ እንዳለው እዩ፤ የመያዣ ምዝገባውም መስተካከል አለበት።

ሊብሬ፣ ካርታ፣ የመድን ውል፣ የኪራይ ውል፣ የጡረታ መዋጮ ምዝገባ፣ የስልክ መስመር፣ የመብራት ቆጣሪ እያለ ይቀጥላል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ካላችሁ ለችሎቱ በማመልከቻ አሳውቁ፤ በድሮ ስም የወጣን ፍርድ በአዲስ ስም ለማስፈጸም ሲኬድ ነው መከራው የሚጀምረው። የድሮው ማኅተም ከሥራ መውጣቱን በቀንና በፊርማ መዝግቡ። ሰብሮ መጣል ብቻ አይበቃም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእሱ የወጣ ወረቀት ቢመጣ የእናንተ አለመሆኑን የምታስረዱት በዚያ መዝገብ ነው።

ይህን ሁሉ ለሚያዞር ሰው አንድ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ከመዝጋቢው ክፍል "ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረው ከዚህ ቀን ጀምሮ እንዲህ ተብሏል" የሚል ደብዳቤ ጠይቁ። ዋናውን አስቀምጡ፣ ኮፒውን በደርዘን አባዙት። የትም መስኮት ላይ ከቃለ ጉባኤው ይልቅ ይህች አጭር ደብዳቤ ትናገራለች።

ምልክቱስ?

የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይመራል፤ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንድ ምዝገባ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ንግድ ቢሮ "ስሙ ነጻ ነው" ማለቱ እዚህኛው መዝገብ ላይ ሌላ ሰው አልያዘውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም አስፈልጉ። የድርጅት ስማችሁን ስትቀይሩ ተመዝግቦ ያለ ምልክት ካላችሁ የባለቤቱ ስም እንዲስተካከል ማመልከት ይኖርባችኋል። ምልክቱ ራሱ ሊቀየር ከሆነ ግን አዲስ ምልክት ነው፣ አዲስ ማመልከቻ ይፈልጋል። የድሮውን ወዲያው አትልቀቁት፤ ሰው የለመደውን ስም ለተፎካካሪ ባዶ ወንበር አድርጎ መተው ሞኝነት ነው።

አሜሪካ ላላችሁ

በዋሽንግተንና በአካባቢው ሬስቶራንት ወይም ገበያ የከፈታችሁ ወገኖች ነገሩ ከዚህ ብዙም እንደማይርቅ ታያላችሁ። ኤል ኤል ሲው ያለው በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ላይ ነው፤ የእሱን ስም ለመቀየር የምሥረታ ሰነዱ ማሻሻያ ለክፍለ ግዛቱ ይቀርባል። ኤል ኤል ሲውን ሳትነኩ የሬስቶራንቱን መጠሪያ ብቻ መቀየር ከፈለጋችሁ ደግሞ እዚያ "ዲ ቢ ኤ" የሚሉትን የንግድ ስም ማስመዝገብ ይበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ምዝገባ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው፤ ቀኑን ጻፉት፣ ሲያልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ላይኖር ይችላል። ስም በመቀየር ብቻ አይ አር ኤስ አዲስ የአሠሪ መለያ ቁጥር አይጠይቅም፤ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። በግል ሲሠራ የቆየ ሰው ኮርፖሬሽን ካቋቋመ ግን አዲስ ቁጥር ያስፈልገዋል። ምክንያቱን ባለ ዳቦ ቤቷ ነግራናለች፤ አዲስ ሰው ተወልዷል። የአልኮል ፈቃድና የጤና መምሪያ ፈቃድ በድሮ ስም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እንዳይረሱ።

ወደ አገር ቤት እንመለስና፣ አሁን ታፔላ ሠሪው ሊጠራ ይችላል። ለታፔላው ራሱ የከተማውን ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ስለሚችል ክፍለ ከተማውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ፊደሉ ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንብቡ፤ ታፔላ ሠሪ ሀ እና ሐን እንደ እጁ ልማድ ነው የሚጽፈው። ከአዲሱ ስም ሥር በትንሽ ፊደል "የቀድሞው ንጋት ዳቦ ቤት" ማስጻፍም ደግ ነው። እናቱ "ንጋት ሄደህ አሥር ዳቦ ገዝተህ ና" ብላ የላከችው ልጅ አዲሱን ታፔላ አይቶ ብሩን እንደጨበጠ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ።